ይነሳ

መካኒሳ አቦ ስትደርሱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የተኛች አለች። የእግረኛ መንገዱ ላይ አራት ድንጋይ ተንተርሳ የምታንቀላፋ ቮልስ። ጎማ የላትም። መብራቷን ማን እንደፈታው አይታወቅም፤ የሞተሯ ቦታ ላይ ድመት ወልዳበታለች። ጀርመን አደባባይ እዚሁ ቅርብ ስለሆነ አገሯ የገባች መስሏት ይሆናል እንዲህ የተዝናናችው።

አንድ ቀን አፌን አዳልጦኝ «የተጣለች መኪና» ብላት ጎረቤቶቼ ሊውጡኝ! «በስመ አብ! ባለቤቷ እኮ ውጭ ነው፤ ሲመጣ ያሠራታል።» መቼ ነው የሚመጣው ልል ነበር፤ የሰው ናፍቆት ውስጥ መግባት ደግ አይደለም ብዬ ተውኩት።

በእርግጥ ጎረቤቶቼ ሞኞች አይደሉም። የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ የቤት መኪና ለሚያስገባ ሰው ከ400 በመቶ በላይ ታክስ ቆረጠለት። አሮጌ እንዳይገባብን ነው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሹን አይገባም ተባለ። በሩ ሲቀረቀር፣ ከውስጥ የቀረው አሮጌ ሁሉ ወይዘሮ ሆነ። ድሮ መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ከሞተም በኋላ ይጨምራል። ቮልሷ ባትሄድ ሊብሬዋ ይሄዳል።

የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎችም አልተኙም። መጥተው ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «በ3 ቀን ውስጥ ይነሳ» ብለው ጻፉ። ሦስተኛው ቀን ካለፈ ሁለት ክረምት ሆነው። ዝናቡ ቀኑን አጥቦ «ይነሳ» የምትለዋን ብቻ አስቀረ። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ለታመመ ሰው የተጻፈ ጸሎት ይመስለዋል፤ አንዲት እናት «አሜን» ብለው ሲያልፉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ጊዜማ ክሬን መጣ። ሰፈሩ ለቀብር እንደሚወጣ ነቅሎ ወጣ። አንዱ የሊብሬ ፎቶ ኮፒ ያውለበልባል፤ አንዷ ባሕር ማዶ በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ለክሬኑ ሹፌር ታሳያለች፦ «እንካ፣ ራሱን አናግረው!» ሰውየው ግራ ገባው። ባዶ እጅ መመለስም ነውር ነው። ስለዚህ ባለቤቷ ዳቦ ልትገዛ ብላ ለአምስት ደቂቃ ያቆመቻትን ቪትዝ ጎትቶ ሄደ። ደግ አደረገ! ቪትዟ ነፍስ ያላት ናት፤ ባለቤቷ እየሮጠች ትመጣለች፣ ትለማመጣለች፣ ቅጣት ትከፍላለች። ድንጋይ ላይ ያለች ቮልስ ምን ትከፍላለች? ደግሞስ ወዴት ትወሰዳለች? በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የዋጣቸው መኪኖች ጨረታ እየጠበቁ ስንት ዘመናቸው! እንግዳ ቢመጣባቸው ማን ጠጋ ይልለታል?

ስለዚህ ጸንታለች። ዕድር የላትም እንጂ ነባር ነዋሪ ናት። የሻይ ብርጭቆዎቿን ጣሪያዋ ላይ የምትደረድር ልጅ አለች፤ ማታ ማታ ጥበቃው ውስጧ ይተኛል። ቢያነሷት የሚፈናቀለው ብዙ ነው።

አንተ ውጭ ያለኸው ወንድማችን፣ ሊብሬህን በፍሬም አድርገህ ሳሎንህ ስቀለው፤ አንከለክልህም። ቮልሷን ግን ቢያንስ ወደ ግድግዳው አስጠጋልን። ወር በገባ በ5 አቦን ሊሳለሙ የሚመጡ እናቶች በእሷ ምክንያት አስፋልት ወርደው ከሚኒባስ ጋር እየተጋፉ ነው የሚያልፉት።