ስለ ርችት ቀብድ የወጣ አዋጅ

ርችት አንዴ ከተተኮሰ ወደ ካርቶኑ ተመልሶ የማይገባ፣ ለሌላ ደንበኛ የማይሸጥና በመያዣነት የማይያዝ ዕቃ በመሆኑ፤ በኬክ ቆረሳው ሰዓት ሲያጨበጭብ ያመሸው ደጋሽ በማግስቱ ስልክ የማያነሳበት ሁኔታ እየተደጋገመ በመምጣቱ፤ ሙሽሮቹ መልስ ሳይጠሩ ቀሪ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ሆኖ ስለሚቆጠርና ከመልሱ በኋላ ደግሞ ቤተሰቡ ባዶ ኪሱን እንደቀረ አገር ስለሚያውቅ፤ ርችት ተኳሾችን ከደንበኞቻቸው፣ ደንበኞችንም ከገዛ ቃላቸው መጠበቅ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

«ርችት» ማለት ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ በተቀመመ ባሩድ ወደ ላይ ተወርውሮ የሚፈነዳ ሲሆን፣ ቀዩን ቀለም ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴውን ከባሪየም፣ ቢጫውን ከሶዲየም ውህዶች ያገኛል። ሰማያዊውን የሚሰጠው የመዳብ ውህድ ግን እሳቱ ጥቂት ሲበረታበት ስለሚበታተን ጥርት ያለ ሰማያዊ ማውጣት የሙያው ፈተና ነው፤ ስለሆነም አዳራሹን በሰማያዊ አስጊጦ «ርችቱም እንደ ሚዜዎቹ ልብስ ይሁንልኝ» የሚል ደንበኛ ሙሉውን ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል።

«ቀብድ» ማለት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 እንደተደነገገው ውል መደረጉን የሚያስረዳ አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። «እኛ እኮ ዘመዳሞች ነን» የሚል ንግግር፣ የሙሽራው አጎት ከአሜሪካ ሲመጡ እከፍላለሁ ማለታቸው፣ እንዲሁም ቀኑ ሲታይ የአምና ሆኖ የሚገኝ የቴሌብር ስክሪንሾት በቀብድነት አይቆጠሩም።

አንቀጽ 2፤ ስለ አከፋፈል

ቀብዱ የጠቅላላው ዋጋ ግማሽ ሲሆን፣ እስኪገባ ድረስ የዝግጅቱ ቀን በተኳሹ ደብተር ላይ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል፤ በእስክሪብቶ የሚደምቀው ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለው ምክንያት አንድ ቀን፣ «ብሩ ሚዜው ጋ ነው» የሚለው ሁለት ቀን ያስታግሣል፤ «ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው» የሚል ግን ዕጣው እስኪወጣ ርችቱን ሳይሆን ዕጣውን ይጠብቃል።

አንቀጽ 3፤ ውል ስለ ማፍረስ

በተዋዋዮቹ መካከል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሐሳቡን የለወጠ ደንበኛ ቀብዱን ይለቃል፤ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ተኳሽ ደግሞ በዚያው ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት እጥፉን ይመልሳል። ረቂቁን ያዘጋጁት ተኳሾች ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ለማስቀረት ብርቱ ትግል ቢያደርጉም፣ ሕጉ ብዙዎቹ ሳይወለዱ የወጣ በመሆኑ አልተሳካላቸውም። በሰርጉ ዕለት ስልኩን ዘግቶ ሌላ ሰርግ ላይ ሲተኩስ የተገኘ ተኳሽም «ባትሪ ዘግቶብኝ ነው» ቢል አይሰማም።

አንቀጽ 4፤ ከዐቅም በላይ ስለሆነ ኃይል

ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚጥል ዝናብም ሆነ በደመራ ሰሞን ርችት እንዳይተኮስ ፖሊስ የሚያወጣው ማሳሰቢያ ለማንም እንግዳ ስላልሆነ፣ ተኳሹ «ይህን ማን አሰበ?» ብሎ ቀብዱን ማስቀረት፣ ደንበኛውም «ሰማዩን አንተ ነህ የምታውቀው» ብሎ እጥፍ መጠየቅ አይችሉም፤ ሁለቱም ይህን ውላቸው ላይ አስቀድመው ይጽፋሉ። ዝናብ ያራሰውን ባሩድ በሽምግልና ማድረቅ አይቻልም።

አንቀጽ 5፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ሳይሆን ግማሽ ክፍያው ገቢ ከሆነበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።