«ምንም አይልም»፦ በስልክ መነጽር ስለመለካት የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ጥናቱ የተጀመረው መነጽሬ ላይ በመቀመጤ ነው። የግራው ዘንግ ከማጠፊያው ተገነጠለ፤ በፕላስተር ታሰረ፤ ፕላስተሩም በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ጉዳቱን በቪዲዮ ካየች በኋላ፣ «አንተ ፍሬሙን ብቻ ምረጥ፤ እኔ አዝዤ በሰው እልክልሃለሁ» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ሊንኩን ሲነኩት የስልኩ የፊት ካሜራ ይበራል፤ ፊትዎ ላይ መነጽር ይቀመጣል፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ያ ይሄድና ሌላ ይተካል። ፒያሳ ከመነጽር ቤት መነጽር ቤት መዞር፣ «ይሄማ ለአንተ ነው የተሠራው» እያለ መስታወት ከሚይዝልዎት ሻጭ ዓይን መሸሽ ቀረ ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ 43 ፍሬም ለካሁ። ከዚህ በታች የቀረበው የዚያ ውጤት ነው።

አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ ልብስም ጫማም መነጽርም «ይለካል»። አድርጎ ማየትና መጠንን መስፈር አንድ ግሥ ናቸው፤ አባቶቻችን ሁለቱን ሳይለዩ የተዉት ደክሟቸው አይመስለኝም። ስልኩ ግን የተማረው ግማሹን ነው። ያለብሳል እንጂ አይሰፍርም። ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ የሌለው ካሜራ ፊትን እንደ ሥዕል ስለሚያየው፣ ከሩቅ ያለ ትልቅ ፊትና ከቅርብ ያለ ትንሽ ፊት ለእሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ማንኛውም ፍሬም ማንኛውም ፊት ላይ ልክክ ይላል። ለማመሳከሪያ ያህል ስምንት ወር የሞላት የጎረቤታችን ልጅ ላይ የአዋቂ ወንድ ፍሬም ሞክሬያለሁ፤ ልክክ ብሏል፤ አምሮባታልም።

ድረ ገጹ ይህን ጉድለት ስለሚያውቅ፣ «የባንክ ካርድ ግንባርዎ ላይ ይያዙ» ይላል። የኤቲኤም ካርድ በየትም አገር ርዝመቱ 85.6 ሚሊ ሜትር ነው። ካርዱን እንደ ማስመሪያ ቆጥሮ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ያሰላል፤ የአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የመስታወቱ እምብርት ከብሌኑ ፊት ለፊት እንዲውል የሚያደርገው ይህ ቁጥር ስለሆነ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ ካርዱን ግንባሬ ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳለ እናቴ ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ራስህን አሞሃል?»

«አይ እማዬ፣ እየተለካሁ ነው።»

«ባንኩ ነው የሚለካህ?»

መልስ ሳልሰጥ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ ዳማከሴ ጨምቃ ይዛ ነበር።

የዘርፉ ዋና ችግር ግን ሌላ ነው። መነጽር የሚገዛ ሰው መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ነው። አዲሱ እንዴት እንደሆነበት ለማየት አሮጌውን ማውለቅ አለበት፤ ካወለቀ ደግሞ አያይም። በዚህ ምክንያት ለኪዎች በሦስት ነገድ ተከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ደራቢዎች ናቸው፤ አሮጌውን ሳያወልቁ አዲሱን ከላይ ያስደርባሉ። ውጤቱ አራት መስታወት ነው፤ በእኔ ሁኔታ ፕላስተሩም በመካከል ብቅ ይላል። ሁለተኛዎቹ ተጠጊዎች ናቸው። ቁጥሬ ከዜሮ በታች 4 ነው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትርን ለ4 ያካፍሉ። ያለ መነጽር ጥርት አድርጌ የማየው እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ ካሜራው የሚያገኘው አፍንጫዬንና የአፍንጫዬን ጎረቤቶች ነው። ስልኩ «እባክዎ ትንሽ ራቅ ይበሉ» ይላል። ራቅ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እኔ ልሁን የአክስቴ ልጅ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛዎቹ አንሺዎች ይባላሉ። አውልቀው፣ ምንም ሳያዩ ስክሪንሾት ያነሳሉ፤ ከዚያ አሮጌውን አድርገው ያነሱትን ይመለከታሉ። እኔ የደረስኩት እዚህ ነገድ ውስጥ ነው። ዘዴው አስተማማኝ ቢሆንም ሰው ማንን እንዳነሳ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። አሥራ አንደኛውን ሙከራ መነጽሬን አድርጌ ስከፍተው እኔ በግማሽ ጆሮዬ ብቻ ነበርኩ። መሐል ላይ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ውስጥ፣ አያቴ ጫፉ ወደ ላይ የወጣ ሐምራዊ የሴት ፍሬም አድርገው በቁጣ ይመለከቱኛል። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ መነጽር ሳያደርጉ ነው ያረፉት። ፍሬሙ የተቀመጠበት መንገድ እንከን አልነበረውም። ካየኋቸው 43ቱ ሁሉ የአፍንጫ መቀመጫው በትክክል የገባው እሳቸው ላይ ብቻ ነው።

ሆኖም ለሞተ ሰው መነጽር መለካት አዲስ ነገር አይደለም። ጣልያን ውስጥ፣ ትሬቪዞ በሚባል ከተማ፣ ቶማሶ ዳ ሞዴና የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1352 የዶሚኒካን መነኮሳትን ታላላቅ ሰዎች ግድግዳ ላይ ሲሥል አንዱን ካርዲናል መነጽር አድርገው ሲያነብቡ አሳይቷቸዋል። መነጽር ያደረገ ሰው ከሚታይባቸው የታወቁ ሥዕሎች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ካርዲናሉ ግን ያረፉት በ1263 ነው፤ መነጽር ጣልያን ውስጥ የተፈለሰፈው ደግሞ በ1280ዎቹ ገደማ። ሠዓሊው ከሞቱ 89 ዓመት ያለፋቸውን ሰው በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ዕቃ አስደርጓቸዋል ማለት ነው። ያምርባቸው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። የዚያ ዘመን መነጽር ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዘንግም አልነበረውም፤ የሚገነጠልም እንዲሁ።

ስለ ፊት ቅርጽ ብዙ አልልም። ድረ ገጹ ፊትን ክብ፣ ሞላላ፣ አራት ማዕዘንና ልብ ብሎ ይከፍላል፤ ክብ ለሆነ ማዕዘን ያለው ፍሬም፣ ማዕዘን ላለው ክብ ፍሬም ያዛል፤ ሞላላ ለሆነ ሁሉም ይሆነዋል፤ ዓለም መቼም ለሞላላ ሰው አድልታለች። የራሴን ለማወቅ መስታወት ላይ በሳሙና ዙሪያዬን ሥዬ ነበር፤ የወጣው ድንች ነው። እኛ ፊትን ስንመድብ የኖርነው በሌላ መንገድ ነው፤ አፍንጫ ሰልካካ፣ ዓይነ ጎላ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ አንገተ ብርሌ። ስለ መንጋጋ ማዕዘን ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም። የመነጽርን ነገር የሚቆርጠው ደግሞ አፍንጫ ስለሆነ፣ ዘፋኞቻችን ከድረ ገጹ ይልቅ ለጉዳዩ ቀርበው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ውሸት ግን ሳላጋልጥ አላልፍም። ስልኩ የሚያሳየው ፍሬሙን እንጂ መስታወቱን አይደለም። ቅርቡን ብቻ ለሚያይ ዓይን የሚታዘዝ መስታወት ከውጭ ለሚያይ ሰው ዓይንን ያሳንሳል፤ ፍሬሙ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ጠርዙ ይወፍራል። ስክሪኑ ላይ ጎላ ብለው የተመለከቱኝ ዓይኖች ዕቃው ሲደርስ አብረው አይመጡም።

ስክሪንሾቶቹ ወደ ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ተላኩ፤ ከ43ቱ 19ኙ። እዚህ ላይ ጥናቱ ከመነጽር ወጥቶ ሰዋስው ውስጥ ገባ።

የመጣው መልስ በአብዛኛው «ምንም አይልም» የሚል ነው። ቃል በቃል ከተወሰደ ነውር የለበትም። የሚጮህ ቀለም እንዳለ ሁሉ ዝም የሚል ፍሬም ቢኖር ምን ክፋት አለው? ነገር ግን «ምንም አይልም» የተባለ ሱፍ ለብሶ ሠርግ የሄደ ሰው አላውቅም።

ደረቁ «ምንም አይልም» በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ የላከው ሰው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ፎቶውንም አልከፈተውም። «ኧረ ምንም አይልም!» የሚሰጠው ሁለተኛ ጊዜ ለጠየቀ ብቻ ሲሆን፣ ለቅሶ ቤት ከሚባለው «ኧረ በርታ» ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። «ምንም አይልም እኮ» ከእነዚህ ይከፋል። «እኮ» ክርክር በሌለበት አትገባም፤ ማንም ላልከሰሰው ፍሬም ጥብቅና ከቆመች ክሱ ሆድ ውስጥ ተይዟል ማለት ነው።

ሦስት ቀን የፈጀብኝ ግን «እሱስ ምንም አይልም» ነው። የጻፈችው የአክስቴ ልጅ ናት። «ስ» አንዲት ፊደል ብትሆንም ብቻዋን አትጓዝም፤ አንዱን ነገር ወደ ጎን አድርጋ ሌላውን ታጋልጣለች። «ቤቱስ ጥሩ ነበር» ከተባለ አከራዩ ክፉ ነው። «ዶሮውስ በስሏል» ከተባለ ጨው በዝቷል። እንግዲህ መነጽሩስ ምንም ካላለ፣ የሚለው ማን ነው? ፎቶው ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ መነጽሩ፣ እኔና መጋረጃው። መጋረጃው እናቴ ለፋሲካ የገዛችው አዲስ ነው። ጥርጣሬውን በዚህ መንገድ እያጠበብኩ ስሄድ የደረስኩበት ቦታ ስላላስደሰተኝ ጠየቅኳት።

«እሱስ ስትዪ?»

«ፍሬሙን ማለቴ ነው።»

«ከፍሬሙ ሌላስ?»

እየጻፈች እንደሆነ ታየ። ተወችው። እንደገና ጀመረች። ተወችው። ከአራት ደቂቃ በኋላ «ብርሃን ያለበት ቦታ ተነሳ እስቲ» የሚል መጣ። መስኮት አጠገብ ሄጄ፣ ያንኑ ፍሬም አድርጌ ላክሁላት። «አሁንስ ምንም አይልም» አለች። አንባቢ ልብ ይበል፤ «ስ» ከ«እሱ» ተነሥታ «አሁን» ላይ አረፈች። የቀድሞው ፎቶ ይግባኝ በሌለው ፍርድ ተቀበረ፤ አዲሱም ያመለጠው ለጊዜው ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳ። አጎቴ ለሦስት ፎቶ አንድ አውራ ጣት ልከዋል፤ ለየትኛው እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። አክስቴ ለእያንዳንዱ «ተባረክ» ብላለች፤ ለሰባተኛው ብቻ «አሜን»። ወጣቶቹ ደግሞ በሥራ መደብ ነው የሚያዩት፤ በጥቁሩ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር፣ በክቡ የዕቁብ ጸሐፊ፣ ክፈፍ በሌለው ደግሞ ውጤት ሊነግር የመጣ ሐኪም ሆኛለሁ።

ከሁሉ የከበደው የእናቴ ነው። ቴሌግራም ስለሌላት ፎቶዎቹን በእጇ ሰጥቼ አንድ በአንድ አሳየኋት። ስልኩን ክንዷ እስከሚችለው ድረስ አርቃ ትይዛለች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ትስባለች፤ ዓይኖቿን ታጠብባለች፤ ወርቅ ቤት ቀለበት እንደሚመረምር ሰው ዝም ትላለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምንም አይልም»። አሥራ ዘጠኙንም እንዲህ ነው ያየችው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ስለዚህ ዝምታዎቹን በርዝመታቸው ደረደርኩ። ዘጠነኛው፣ ቡናማው፣ ከሁሉ ይረዝማል፤ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ትንፋሽም ነበረበት። መረጃው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ሆነልኝ።

ስለ ቀለም የሚናገረውን ምዕራፍ ስጀምር እህቴ ደወለች። ዕቃ የሚያመጣው ሰው መነሻው ደርሷል፤ ዛሬ ካልታዘዘ አይደርስም። «የተሰበረው ዘንግ ውስጡ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ አንብብልኝ» አለች። አወለቅኩና በ25 ሳንቲ ሜትር አነበብኩ፤ 52፣ 18፣ 140። የመስታወቱ ስፋት፣ የአፍንጫው ክፍተት፣ የዘንጉ ርዝመት፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተጽፎ ኖሯል። «በቃ፣ ለፊትህ የሚሆነው ልክ ይኸው ነው። የትኛው ቀለም?» ቡናማው አልኳት። «ምንም አይልም» አለች፤ ዘጋችው።

እናቴ ቡና እየቆላች ትሰማ ኖሮ፣ «የማንበቢያም ካለ ለእኔ አንድ ጠይቃት» አለችኝ።

«አንቺ አለሽ አይደል?»

«እሱማ ከፋሲካ ወዲህ የት እንደገባ አላውቅም።»

«ታዲያ የእኔን ፎቶዎች በምን አየሻቸው?»

«ምኑን አየሁት ልጄ፤ ሲያበራ ነው የማየው።»

መቁያውን አወረደችና እጇን በመቀነቷ ጠርጋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሊንኩን እንደገና ከፍቼ ካሜራውን ወደ እሷ አዞርኩ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፎቶ ቤት እንደሄደ ሰው ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች።