ሱቁን አሽጎ ግብር መጠየቅ

ሐምሌ ሲገባ ከአዳማ ተነሥቶ በአዋሽ መልካሳ፣ በደራ አድርጎ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚነግድ ሰው ፊቱ ይለወጣል። ገበሬው ያለችውን ሳንቲም ለዘርና ለማዳበሪያ አውጥቶ ጨርሷል፤ ገበያው ቀዝቅዟል፤ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ደጅ ላይ ነው። ግብሩም የሚጠየቀው በዚሁ ወር ነው። በደረጃ ሐ ሲከፍል የኖረው ትንሽ ነጋዴ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 መጨረስ ነበረበት። ያልጨረሰ ቅጣትና ወለድ ይቆጠርበታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚያሽጉት ሰዎች ይመጣሉ።

ሁለት ሦስት ሆነው ነው የሚመጡት፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው ከባለሱቋ ልጆች ያነሰ ነው። «እማማ፣ ይውጡልን፤ በሩን ልናሽገው ነው» ይላሉ። «ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ ገበያ ታገሠኝ፤ ሽጬ እከፍላለሁ» ትላለች። «እኛ ታዘን ነው፣ ቢሮ ሄደው ያነጋግሩ።» በሩ ይዘጋል፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይለጠፋል። ቡኮው እዚያው ይኮመጥጣል፤ ቲማቲሙ በዚህ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ሁለት ቀን አይቆይም። መንገደኛ ሁሉ ወረቀቱን አንብቦ ያልፋል፤ ሠላሳ ዓመት በታማኝነት የነገደች ሴት እንደ ሌባ ትታያለች። ቢሮ ስትሄድ ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል፤ በማግሥቱ መስክ ወጥቷል፤ ኃላፊው የተገኘ ቀን ደግሞ ሲስተም የለም።

ያስመረረን ግብሩ አይደለም። ግብር የማይከፈልበት አገር መንገድም ትምህርት ቤትም እንደማይኖረው እናውቃለን፤ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ነጋዴ አብዛኛው ተበድሮም ቢሆን የሚከፍል ሰው ነው። የሚያንገበግበን አወሳሰዱ ነው።

እስቲ ሕጉን እንየው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በአንቀጽ 45 ንግድ ቤትን ለጊዜው ማሸግ ይፈቅዳል፤ ግን ልክ አበጅቶለታል። ሰውየው በተደጋጋሚ ያልከፈለ ወይም መዝገብ ያልያዘ መሆን አለበት። አስቀድሞ ማስታወቂያ ይሰጠዋል፣ 7 ቀን ይጠበቃል። ቢታሸግም ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ንብረት ለመያዝም እንዲሁ የ30 ቀን ማስታወቂያ አለ። የግለሰብ ነጋዴ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ስለሆነ ደራም አዳማም የሚዳኙት በክልሉ ሕግ ነው፤ የፌዴራሉን የጠቀስኩት መለኪያ እንዲሆነን ነው። በእንግሊዝ አገር እንኳ፣ ለመኖሪያ ቤት ግብር ዕዳ የሚላኩት አስፈጻሚዎች በጨካኝነታቸው የሚታሙ ሆነው ሳለ፣ ከመምጣታቸው በፊት አስቀድመው ማሳወቅ ግድ ይላቸዋል። ታዲያ እኛ ዘንድ ስንቱ ነው ማስታወቂያው በእጁ ገብቶ ፈርሞ የተቀበለ? ስንቱስ ነው መታሸጉን ከጎረቤት ስልክ የሰማ?

ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 በፍርድ የተረታ ባለዕዳ እንኳ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች እንዳይወሰዱበት ይከለክላል። የግለሰብ ብድር ክዶ ፍርድ ቤት የተረታ ልብስ ሰፊ መኪናውን አይነጠቅም፤ ሠርቶ እንዲከፍል ይተዉለታል። ግብር የዘገየበት ልብስ ሰፊ ግን መኪናው ከውስጥ ተቆልፎበት ደጅ ይቆማል። ላሚቱን ከግጦሽ ከልክሎ ወተቷን መጠበቅ ማለት ይኼው ነው። ቅጣቱ እንደሆነ አይታሸግም፤ በዚያው በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ እየተጨመረ ይሄዳል፤ ወለዱ ለብቻው ነው።

ዕዳው ራሱ ከየት እንደመጣ ማንም በወጉ አያስረዳም። ገማቾች ይመጣሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ የቀን ገቢ ይጽፋሉ። በሐምሌ 2009 በዚሁ በቀን ገቢ ግምት ምክንያት አምቦና ወሊሶ ውስጥ ሱቆች ተዘግተው አድማ እንደተመታ አንረሳውም። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ተባብሷል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የስኳሩም የዘይቱም ዋጋ ሲወጣ በወረቀት ላይ ሽያጫችን ያደገ መሰለ፤ ትርፉ ግን አላደገም፤ ያንኑ ካርቶን መልሶ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ አጥተን ነው የከረምነው። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የፌዴራል ማሻሻያ ደግሞ ደረጃ ሐን አስቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ሁሉ ደረጃ ለ አድርጎታል። ለጉልት ቸርቻሪና ለሻይ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ሰው ቋንቋ ወርዶ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር።

መዋጮውስ? ግብሩን ከፍለህ፣ ንግድ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ ስትጠይቅ፣ የዚህ መዋጮ ደረሰኝ፣ የዚያ መዋጮ ደረሰኝ አምጣ ትባላለህ። መዋጮ በፈቃድ ካልሆነ መዋጮ አይደለም። በግብር ሕጉ ውስጥ የሌለ ነገር የክሊራንስ መያዣ ሊሆን አይገባም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያው በእጅ ይሰጠን። ዕዳው ከፋፍሎ የሚከፈልበትን ውል ሕጉ ስለሚያውቀው ሠራተኛውም ይወቀው። የሚበላሽ ዕቃ ያለበት ቤት ከመታሸጉ በፊት ዕቃው ይውጣ።

እናንተም ወገኖቼ፣ የግብር ውሳኔ ወረቀት ሲደርሳችሁ የደረሳችሁበትን ቀን እላዩ ላይ ጻፉ። በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በቂ ምክንያት ላለው እስከ 10 ቀን ሊራዘም ይችላል። ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ከፈለጋችሁ ከምትከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ግድ ስለሆነ፣ ለትንሽ ነጋዴ ዋናው ዕድል ያ የመጀመሪያው ቅሬታ ነው። በክልላችሁ ሕግ ቀኑ ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅሬታችሁን በሁለት ቅጂ አስገቡ፤ አንዱን ማኅተም አስመትታችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ።