ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት

ዘፈን ለመቅዳት መጀመሪያ ዘፈን ያስፈልጋል የሚሉ ኋላ ቀሮች ዛሬም አልጠፉም። የሚያስፈልገው ፕሪአምፕ ነው። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ ፕሪአምፕ አይደለም፤ ዋጋው ርካሽ፣ ድምፁ የውድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሞቅ ያለ» መሆን አለበት። ሞቅታው ምን እንደሆነ አይጠየቅም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወዳጅ አለኝ። የእንቁጣጣሽ ዘፈን አለው። ማለቴ፣ አዝማቹና አንድ አንጓው አለው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሊቀዳው ካሰበ ሦስት እንቁጣጣሽ አልፏል። ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ፕሪአምፕ እየመረጠ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በችኮላ አይሆንም። ሚስት የሚያገባ ሰው እንኳ ሽማግሌ ልኮ ነገሩን በአንድ ክረምት ይጨርሳል፤ ፕሪአምፕ ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ከማይክ የሚወጣው ሲግናል በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው። ፕሪአምፕ ያንን እስከ ሺህ እጥፍ አጉልቶ ለመቀዳት ያበቃዋል፤ ሺህ እጥፍ በባለሙያዎቹ አነጋገር 60 ዲሲቤል ነው። ተራ ሳውንድ ካርድ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። የወዳጄም ሳውንድ ካርድ ሁለት አለው። ግን እንደ ጉልት ቲማቲም ምርቃት አብሮ የመጣን ነገር ማን ያከብረዋል?

ነገሩ የተጀመረው በማይክ ነው። ኤስኤም 58 ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የዓለም ዘፋኝ ሁሉ ሲጮህበት የኖረ ማይክ። «የመድረክ ነው» ብሎ አስቀመጠውና ኤስኤም 7ቢ አስመጣ። «ማይክል ጃክሰን ትሪለርን የዘፈነው በዚህ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ያ አልበም የተዘፈነው የዚህ ማይክ ታላቅ በሆነው ኤስኤም 7 ነው። ችግሩ አዲሱ ማይክ ከአሮጌው የደከመ ሲግናል ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ማጉያው አልበቃ አለ። ስለዚህ ለማጉያው ማጉያ ተገዛ፤ ማይኩና ሳውንድ ካርዱ መሃል የምትሰካ፣ 25 ዲሲቤል የምትጨምር ትንሽ ሳጥን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ማይኩን ከአፉ 20 ሴንቲሜትር ከሚያርቀው ወደ 10 ቢያስጠጋው 6 ዲሲቤል ያህል በነፃ ያገኝ ነበር። ግን በነፃ የተገኘ ዲሲቤል ሞቅ አይልም።

ቀጥሎ የመጣችው ባለ ቲዩቧ ፕሪአምፕ ናት። በፊቷ መስኮት በኩል ብርቱካናማ ብርሃን ይታያል። ቲዩብ በወጉ እንዲሠራ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ቮልት ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ሳጥኖች ግን በጥቂቱ ነው የሚቀልቡት። ባለሙያዎቹ ራሳቸው «የተራበ» ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ የሚጾም ቲዩብ ነው እንግዲህ። ሌሊት መብራቱ ግን ያምራል፤ አልዋሽም።

አሁን ያለንበት ምዕራፍ የኖይዝ ምዕራፍ ነው። የሳውንድ ካርዱ ኖይዝ ማይነስ 128 ዲቢዩ ነው፤ ወዳጄ ማይነስ 130 ይፈልጋል። ተራ ባለ 150 ኦም ማይክ ሽቦው ብቻ፣ ከክፍሉ ሙቀት የተነሳ፣ ማይነስ 131 ያህል ኖይዝ አለው፤ ሚሊየነርም ቢሆን ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ትግል ስለ ሦስት ዲሲቤል ነው። አስልቼ አሳየሁት፦ በእሱ ማይክ የሳውንድ ካርዱ ኖይዝ ማይኩ ፊት ከሚሰማ 23 ዲሲቤል ግድም ድምፅ ጋር ይተካከላል። ጸጥ ያለ መኝታ ቤት እንኳ 30 ዲሲቤል ገደማ አለው። የእሱ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ፍሪጅ አለበት። ወረቀቱን አየና «ቁጥር ሙዚቃ አይደለም» አለኝ፤ ማይነስ 130 እያለ ሦስት ዓመት የነዘነዘኝ ሰው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠርቶኝ የአራት ፕሪአምፕ ንጽጽር አሰማኝ። ሄድፎን አደረግኩ። በመጀመሪያው «ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል፤ ከኋላው ደግሞ ጎረቤቱ እትዬ በርበሬ ይወቅጣሉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እንደዚያው። በአራተኛው፣ በውዱ፣ ሙቀጫው ኩልል ብሎ ወጣ፤ ዘነዘናው የብረት መሆኑ ሁሉ ይለያል።

«ልዩነቱ ተሰማህ?» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ።

«ተሰማኝ፤ በርበሬው ሊልም ነው» አልኩት።

ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀል፣ እትዬ ሲያርፉ ቅዳ ብዬ መከርኩት። አላማረውም። ጋቢ ብራንድ የለውማ! ኮምፒውተሩን ሳየው ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው አንድ ነው፦ ቼክ 1፣ ቼክ 2... መጨረሻው ቼክ 340። አልበም ቢያወጣ ርእሱ አያስቸግረውም።

እኛ እኮ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ዘፈን ሰምተን ያለቀስን ሰዎች ነን። ተራ ካሴት ኖይዝ መቀነሻ ሳይኖረው ከድምፁ እስከ ሽሽታው ያለው ርቀት 50 ዲሲቤል ግድም ነበር፤ ወዳጄ ዛሬ አፍንጫውን ከሚነፋበት ሳውንድ ካርድ እጅግ ያነሰ። ዘፋኙ ስለ ናፍቆት ሲነግረን ማንም «ፕሪአምፑ ምንድን ነው?» አላለም። ወዳጄ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ድምፁንና ያልተጻፈውን አንጓ ላለመድፈር ሳጥኖቹን ይወቅጣል። ሳጥን ደግሞ ለትችት አይዳርግም፤ ዘፈን ከወጣ ግን ሰው ይሰማዋል።

ይኸው ነሐሴ ገባ። ሁለተኛው አንጓ አልተጻፈም። ትናንት ሲደውልልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቱ ልጅ ለጳጉሜ እንደምትመጣና ከሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣዎቿ አንዱ ውስጥ ቦታ እንዳላት በደስታ ነገረኝ። ለእናቷ የገዛችውን ጫማ አስወጥቶ ሳይሆን አይቀርም።

እህቴ ሆይ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ጫማውን መልሺ። ሌሎቻችሁም ከአሜሪካ ለበዓል የምትመጡ፣ ጥቁር ሳጥን ያዙልኝ የሚል ሰው ከሰሚት ቢደውልላችሁ፣ ሻንጣችን ሞልቷል በሉት።