ስለ ዕረፍት ሰዓት ጸጥታና ሰላም የወጣ አዋጅ

ለፀሐይ የመውጫዋን፣ ለክረምት የመግቢያውን ጊዜ የወሰነ አምላክ፣ ሕፃናትም ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ከጠመኔና ከደብተር እንዲያርፉ በትምህርት ሹማምንት ኅሊና ስላሳደረ፤ እኛም ባሕር ዛፍ በከበበው፣ ከፊሉ ሣር ከፊሉ ጭንጫ በሆነው በዚህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ርእሰ መምህር ተብለን የተሾምን፣ ከምክትላችንና ከተረኞች መምህራን ጋር በሻይ ክበቡ ጉባኤ አድርገን፣ የቀረበልን ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መክረን ዘክረን ይህን አዋጅ አወጣን። የሰማህ ላልሰማው አሰማ፤ ኳስ እያንከባለልህ የምትሰማም ኳስህን ያዝና ስማ።

ሥልጣናችሁ ከየት መጣ የሚል ክፉ ጠያቂ ቢነሣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀውን፣ አገራችንም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እንጠቅሳለን። በዚያ መጽሐፍ በአንቀጽ 31 ሕፃን ሁሉ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ተጽፎ አግኝተናል፤ ነገር ግን ሕፃናቱ በሚጫወቱበት ሰዓት መምህራቸው የት ሆኖ ማረፍ እንደሚገባው የሚናገር አንዲት ሐረግ እንኳ ፈልገን ስላጣን፣ የጎደለውን በዚህ አዋጅ ለመሙላት ተነሥተናል።

አንቀጽ 1። በሜዳው ላይ መሮጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ይህ አንቀጽ በጠዋት ታውጆ በዕረፍት ሰዓት ተሻሽሏል። ምክንያቱም ከ2ኛ ክፍል የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ አባሮሽ በእርምጃ እንዴት ይሆናል?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፣ በጉባኤው ከተቀመጡት ሊቃውንት መካከል መልስ የሰጠ አልተገኘም። ደግሞም የቧንቧው ውሃ በመጣበት ቀን ወደ ቧንቧው የማይሮጥ፣ መምህርም ቢሆን፣ በዚህ ከተማ አልተወለደም። ስለዚህ መሮጥ ተፈቅዷል፤ የተከለከለው መጋጨት ነው፤ መጋጨትም ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ለተረኛው መምህር ማስታወቅ ይገባል።

አንቀጽ 2። ስለ ርስት። ከአሮጌ ካልሲ፣ ከጨርቅና ከፌስታል ተጠቅልላ በሲባጎ የታሰረችው ኳስ፣ ክብደቷ በዝናም ቀን እጥፍ የሚሆንባትን ማለታችን ነው፣ በ4ኛ ክፍል ወጣቶች እግር እየተገፋች የሱዚ ዘላዮችን ግዛት ጥሳ፣ በእቃቃ ቤት የተጣደውን የአፈር ወጥ ደፍታ፣ በመጨረሻም ቆሎውን ከኪሱ እያወጣ በሰላም ይቆረጥም የነበረውን የ1ኛ ክፍል ሕፃን ከነቆሎው እንደ ጣለችው ብዙ ጊዜ ስለ ታየ፣ ወሰን ማካለል ግድ ሆኗል። በሜዳ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በቅን ልብ የመረመረ ሰው፣ አብዛኛው ከልጆች ክፋት ሳይሆን ትልቁና ትንሹ በአንድ ጠባብ ስፍራ ላይ ከመደባለቃቸው እንደሚመጣ ይረዳዋል፤ እኛም ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ስለ ፈጀብን በአጭሩ አንተወውም። እንግዲህ ከሰንደቅ ዓላማው ዘንግ በላይ ያለው ሣር ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ርስት ይሁን፤ ከዘንጉ በታች ያለው ጭንጫ ለኳስ ይሁን። የኳስ ሰዎች ሣሩ ለታናናሾቹ መሰጠቱ ግፍ ነው ብለው ይግባኝ ጠይቀዋል፤ የሚወድቅ ሁሉ በሣር ላይ ቢወድቅ ይሻላልና፣ ብዙ የሚወድቀውም ትንሹ ነውና፣ ይግባኙን አልተቀበልነውም።

አንቀጽ 3። ስለ ብይና ስለ ሰኞ ማክሰኞ። በእነዚህ ጨዋታዎች ክርክር በተነሣ ጊዜ ተረኛው መምህር ዳኛ ሆኖ እንዳይቀመጥ ከልክለነዋል፤ ሕጉን አያውቅምና። በአፈር ላይ በእንጨት ጫፍ መስመር አስምራ፣ ጠጠሯን ጥላ፣ በአንድ እግሯ የምትዘልቅ ልጅ መስመር የረገጠች እንደ ሆነ፣ ፊሽካ ሳይነፋ፣ ምስክር ሳይቆጠር፣ ራሷ ወጥታ ተራዋን ለባልንጀራዋ ትለቃለች። ይህን የመሰለ ፍርድ በጽሕፈት ቤታችን ታይቶ አያውቅም። ባለፈው ወር ስለ አንዲት ብይ የተደባደቡትን ሁለት ወንዶች ልጆች አስጠርተን፣ ቃላቸውን ተቀብለን፣ ቃለ ጉባኤውን አስጽፈን፣ ማኅተም ፍለጋ መሳቢያ ስንከፍት፣ ተከሳሽና ከሳሽ በደጃፉ ተቀምጠው አንድ ሽልጦ ለሁለት ገምሰው ሲበሉ አገኘናቸው። ማኅተሙን መልሰን ቆለፍንበት።

አንቀጽ 4። ስለ ተረኛ መምህር። በዚህ አንቀጽ ላይ የተነሣው ክርክር ከሌሎቹ ሁሉ የከረረ ነበር። ተረኞቹ፣ «ዐይን ረጅም ነው፤ ከሻይ ክበቡ መስኮት ሆነን ሜዳውን ሁሉ እናያለን» ሲሉ ተሟገቱ። እኛም መስኮቱን ሄደን መረመርነው፤ የሚያሳየው የምክትላችንን ብስክሌትና ግማሽ ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ተረኛ መምህር በዕረፍት ሰዓት በሜዳው መካከል በእግሩ ይቁም፤ ስልኩ በኪሱ፣ ዐይኑ በልጆቹ ላይ ይሁን። ከሁሉም ይልቅ ደወል በተመታበት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ደቂቃ በደረጃውና በበሩ ዘንድ ይገኝ፤ መገፋፋትና መረጋገጥ የሚበረታው በዚያ ነውና፤ ሻይ ግን በየትኛውም ደቂቃ ይገኛል። አንቀጹ ከእኛ በቀር ሁሉም ተቃውመውት ጸድቋል።

አንቀጽ 5። ስለ ቅጣት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ስለሚናገር፣ ከበሩ ኋላ ተደግፎ የቆየው ልምጭ ከዛሬ ጀምሮ በካርታ ላይ ወንዞችን ለማመልከት ብቻ እንዲያገለግል ታዟል። አንዳንድ መምህራን ተማሪ ያለ ልምጭ ዓባይን ከአዋሽ አይለይም ብለው አጉረምርመዋል፤ ማጉረምረም አልተከለከለም።

አንቀጽ 6። በአጥር ቀዳዳ ከረሜላ መሸጥ ክልክል ነው። ቀዳዳው በበጀት ዓመቱ ውስጥ ይደፈናል ተብሎ ይጠበቃል።

ይህን አዋጅ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ሕግ ሲያወጣ በኖረው በነጋሪት ጋዜጣ ለማሳተም አቅማችን ስላልፈቀደ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አስለጥፈነዋል። ሰሌዳው በዕረፍት ሰዓት የግብ ቋሚ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ አዋጁን ማንበብ የሚቻለው ተማሪ ሁሉ ክፍል በገባበት ጊዜ ብቻ መሆኑን እናስታውቃለን።

ርእሰ መምህሩ

ግልባጭ፦ ለየክፍሉ አለቆች፣ ለዘበኛው፣ ለሻይ ክበቡ። ለ1ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ፊደል እስኪጨርሱ ድረስ በቃል ይነገራቸው።