ድርሳን በእንተ ከልበ ጎረቤት

ሊቃውንት ስለ አንበሳ ግርማ፣ ስለ ንስር ዕርገት፣ ስለ እባብ ብልኀትና ስለ ርግብ የዋህነት አብዝተው ጽፈው ሳሉ፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ከሰው እንቅልፍ ጋር የቀረበ ጉዳይ ያለው የጎረቤት ውሻ እስከ ዛሬ ራሱን የቻለ ድርሳን ሳይጻፍለት መቅረቱ ለምርምር ዓለም የሚያስነቅፍ ጉድለት ነው። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ስንመረምር፣ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የሚበቃ ዕውቀት ያለው ሰው ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የተነፈገ ሰው በመሆኑ፣ ቀን ብዕሩን እንደ ያዘ የሚያንቀላፋ ሆኖ ተገኝቷል። እኛም ይህችን አጭር ሐተታ ያዘጋጀናት በአንዱ ጩኸትና በሚቀጥለው መካከል በምትገኘው ጸጥታ ስለ ሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ በታየ ጊዜ ጸጥታው ረዝሞ እንደ ነበር፣ አጥሮ በታየ ጊዜም ምን እንደ ደረሰብን አንባቢ ያስተውልልን።

በመጀመሪያ ወሰኑን ማበጀት ይገባል። የጎረቤት ውሻ የምንለው በዘሩ፣ በመልኩ ወይም በቁመቱ የተለየ ፍጥረት አይደለም፤ ማንኛውም ውሻ ከአጥር ወዲያ የተገኘ እንደ ሆነ የጎረቤት ውሻ ይባላል። የራስ ውሻ አይጮኽም፤ ይጠብቃል። የጎረቤት ውሻ አይጠብቅም፤ ይጮኻል። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቆርቆሮ ውፍረት ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ ውሻ በአንዲት ሌሊት፣ በአንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ድምፅ ለአንዱ ቤት ዘበኛ፣ ለሌላው ቤት መቅሠፍት ሊሆን መቻሉን የማይቀበል ሰው የሚቀጥለውን ባያነበው ይሻለዋል። ለምርምራችን የተመረጠው ውሻ በአዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ወገን ይኖራል። መልኩ ቡላ፣ ጅራቱ ቆልማማ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ በአንድ የቆየ ጠብ የጎደለ፣ ስሙም መቻል ነው። ስሙን ያወጡለት ጌታው ጡረተኛው ሻምበል ሲሆኑ፣ ግብሩን እንድንፈጽም የተመደብነው ግን እኛ ነን።

ስለ ውሻ ዝምታና ጩኸት መጻሕፍተ ብሉያት የሚሰጡት ምስክርነት ከሚታሰበው በላይ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ ጌታውንና መልአኩን ሩፋኤልን ተከትሎ ያን ያህል መንገድ ሲሄድ አንድ ጊዜ ስንኳ ጮኸ ተብሎ አልተጻፈም፤ ይህን አንዳንዶች በመልአኩ አብሮነት የተገኘ ጸጋ ነው ቢሉም፣ እኛ ግን ጸሐፊው የጦብያ ጎረቤት ስላልነበረ ነው እንላለን። በኦሪት ዘጸአት በ11ኛው ምዕራፍ ደግሞ የግብፅ በኵር ሁሉ በሚሞትባት በዚያች ሌሊት በእስራኤል ልጆች ላይ ውሻ ምላሱን እንደማያንቀሳቅስ ተነግሯል። ከዚህ የምንረዳው፣ ውሻን አንዲት ሌሊት ዝም ማሰኘት ከዐሥረኛው መቅሠፍት ጋር በአንድ ምዕራፍ ሊቈጠር የሚበቃ ተአምር መሆኑን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ መጮኽ በማይችሉ ውሾች እየመሰለ ሰነፎቹን ጠባቂዎች የገሠጸበት ቃልም አለ፤ ይህንኑ ቃል ሻምበል ምዕራፉን ጠርተው በቃላቸው ያውቁታል። የቀረውን የኢሳይያስ ትንቢት ያውቁት እንደ ሆነ አላረጋገጥንም።

ወደ ጠባይዓዊው ምርምር ስናልፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት ሲሉ፣ የእንስሳ ነፍስ ከእነዚህ ጸጋዎች ያልተካፈለች ደማዊት መሆኗን ያስተምራሉ። የትምህርቱን እውነተኛነት የምንጠራጠር አይደለንም፤ ነገር ግን ነባቢት ነፍስ ያለን እኛ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብለን፣ የሌለችው መቻል ሲናገር ማደሩ ጉባኤ ሊደረግበት የሚገባ ነገር ነው። የውሻ ዘመድ የሆነው ተኩላ ካደገ በኋላ የሚጮኸው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህን አመል ውሻ ያመጣው ከጫካ ሳይሆን ከሰው ጋር ከኖረ በኋላ መሆኑ ያጠራጥራል ለማለት አይቻልም። በመካከለኛው አፍሪቃ፣ በኮንጎ፣ ባሴንጂ የሚባል ጅራተ ጥቅልል ውሻ አለ፤ ይህ ውሻ ድምፅ የሌለው ባይሆንም እንደ ሌሎቹ ውሾች አይጮኽም። እንዲህ ያለ ፍጥረት በአንድ አህጉር ከእኛ ጋር እየኖረ፣ የአፍሪቃ አንድነትም ማኅበር በከተማችን ከተመሠረተ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ሳለ፣ በዚህ ረገድ ስለ ተደረገ ልውውጥ

ጀመረ።

ወደ ነገራችን እንመለስና፣ የድምፅ ሊቃውንት እንደሚሉት በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ውሻው በአንድ ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል ይጮኻል ብንል፣ 16 ሜትር ርቆ ለሚተኛ ሰው የሚደርሰው 66 ይሆናል፤ በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር በሌሊት የተወሰነው ልክ ግን 45 ነው። ሒሳቡ እስከዚህ ድረስ የጠራ ነው። ጭንቅ የሚመጣው የመቻል ማደሪያ ከሻምበል የመኝታ ቤት መስኮት ሥር መሆኑ ሲታወቅ ነው፤ 66ቱን የሰማነው እኛ ተነሥተን ስንቀመጥ፣ 90ውን የሰሙት ሻምበል ተኝተው ያድራሉ፤ በማግሥቱም «ዛሬስ ሰፈሩ ሰላም አደረ» ብለው ሰላምታ ይሰጡናል። ከዚህ የተነሣ ቀጥሎ ያለውን ሕግ ለማውጣት ተገደናል፦ የውሻ ድምፅ የሚደክመው በርቀት ብቻ ሳይሆን በባለቤትነትም ነው፤ የባለቤትነቱ ኃይል ግን ከርቀቱ ይልቅ ይበረታል። ሻምበል ጮኾ የመናገር ልማድ ያላቸው የጦር ሜዳ ሰው ስለ ሆኑ ነው ተብሎ በሰፈሩ ይታመናል። እኛ የታዘብነው ግን ሲነጋገሩ መቻል በጮኸ ቍጥር ድምፃቸውን ከፍ፣ ዝም ባለ ቍጥር ዝቅ እያደረጉ፣ ይህንም ሲያደርጉ ራሳቸው የማያውቁት መሆኑን ነው።

ጩኸቱን በየዓይነቱ ለመለየት በተነሣን ጊዜ፣ ከቅዱስ ያሬድ ሦስቱ የዜማ ስልቶች አንጻር ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ መክፈሉ እንዴት እንደሚመች ያሳየን ሰው ነበር፤ ነገር ግን ነውር ስለ ሆነ ትተነዋል፤ የዕዝሉንም ክፍል የሚመለከተው ማስታወሻ ተቃጥሏል። በሰዓት መክፈሉ ይሻላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚሰማው መንገደኛን የሚመለከት ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የሚሰማው ወደ ኪዳን የሚሄዱትን ነጠላ ለባሾች የሚመለከት ሲሆን፣ እነርሱን በየዕለቱ እያየ በየዕለቱ እንደ አዲስ የሚደነግጥበት ምክንያት አልተደረሰበትም። የምሥጢር መዝገብ የሆነው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚሰማው ነው፤ እርሱንም በአበው ልማድ በአንድምታ ካልሆነ በቀር መፍታት አይቻልም።

መቻል ጮኸ። ምነው ጮኸ ቢሉ፣ ከእንጦጦ የወረደው ጅብ ሸተተው። አንድም፣ ጅቡ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ገብቶ ነበርና መሄዱን አረጋግጦ ጮኸ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። አንድም፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ውሻ ጮኾ ነበርና መልስ ሳይሰጡ ማደር ነውር ነው ሲል ጮኸ። አንድም፣ መልሱን የሰማው የማዶው ውሻ መልስ ሰጥቶ ነበርና። አንድም፣ ሁላችን ተኝተን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ጮኸ። ሐተታ፦ ተኝተን ነበር።

ለዚህ ነገር መድኃኒት ለመፈለግ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ብቻ መታሰብ ይገባዋል። ቀድሞ በየከተማው የሚታወቀውን የመርዝ ሥጋ ነገር ያነሣ ሰው በእድሩ ላይ ተገሥጾ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ግን በደግነት ልቡን ማለስለስ ይቻላል ብሎ፣ መቻል በጮኸ ቍጥር ከልኳንዳ ቤት ያመጣውን አጥንት በአጥሩ ላይ ይወረውርለት ጀመር። የመስኮቡ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ ውሻ ምግብን ከምልክት ጋር እንዴት እንደሚያዛምድ ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን ምልክቱን የሚሰጠው ውሻው፣ የሚታዘዘው ልብስ ሰፊው ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መቻል የመጮኻ ቦታውን ከሻምበል መስኮት አንሥቶ ወደ ልብስ ሰፊው አጥር አዛወረ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው የአባቶች ቃልም በጎደለን ወገን ተፈጸመብን። ነገሩ በዚህ ቢበቃ መልካም ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገባ። ልኳንዳ ቤቶቹ ተዘጉ፣ አጥንቱም ቀረ፣ ቀኖናውን የማያውቀው መቻልም 55 ቀን ሙሉ ውዝፉን ሲጠይቅ ከረመ።

ሕጉ ምን ይላል የሚል አንባቢ አይታጣም። በኦሪት ተዋጊ በሬ ያለው ሰው አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ባይጠብቀው ዕዳው በራሱ ላይ ነው፤ ስለሚጮኽ ውሻ ግን የተጻፈ ነገር የለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ ይበልጥ ያስባል፤ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ድንገት አምልጦት ስንኳ ቢሆን፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል፤ በቍጥር 1225 ደግሞ ባለሀብት በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በመነቃነቅ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ተከልክሏል፤ የአካባቢውም ልማድ ይታያል። የአካባቢያችን ልማድ ሲታይ ግን ውሾች ይጮኻሉ። ይህም ባይሆን ሻምበል የእድራችን የድንኳን ኃላፊ ናቸው። ክስ ሊቀር የሚችል፣ ሞት ግን የማይቀር ነገር ስለ ሆነ፣ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ በብብቱ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ኋላ በማን ድንኳን ሥር እንደሚለቀስለት አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ሕክምናም ከሕግ አልተሻለም፤ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ ንክሻን ክትባት በሰው ላይ ፈትኖ አሳክቷል፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ በጉለሌያችን የሰፈር ስም ሆኖ ይጠራል፤ ይሁንና መድኃኒቱ የተገኘው ለጥርሱ እንጂ ለድምፁ አይደለም።

እንግዲህ የቀረው ሽምግልና ነበር። የእድሩ ዳኛ፣ አንድ የንስሐ አባትና የዚህ ድርሳን ጸሐፊ ሆነን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ሻምበል «ኖሩ፣ ኖሩ» ብለው ተቀበሉን፤ ወንበር ወጣ፣ ቡና ተፈላ። አቦሉ ስለ ጤፍ ዋጋ በመነጋገር አለቀ፤ ቶናው ስለ መንገዱ ቦይ፤ በረካው ሲቀዳ የእድሩ ዳኛ በክርናቸው የንስሐ አባቱን ጎሸም አደረጉ። መቻል በዚህ ጊዜ ሁሉ በደጁ ላይ ቆሞ በእኛ ላይ ይጮኽ ስለ ነበር፣ ነገሩን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ነበር።

«ሻምበል» አሉ የንስሐ አባቱ ጕሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ ውሻው ደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ፣ ደኅና ነው» አሉ ሻምበል፣ ድምፃቸውን ከመቻል ድምፅ በላይ ከፍ አድርገው። «ሰሞኑን ብርድ መትቶት ድምፁ ዝግት ብሎበታል እንጂ።»

ከይሉኝታ የተነሣ ሦስታችንም በአንድ ቃል «እግዜር ይማረው» አልን፤ ሻምበል ስላልሰሙን ደገምንላቸው።

ተነሥተን ልንወጣ ስንል ሻምበል የእድሩን ዳኛ እጅ ያዙ። «ጋሼ፣ እንኳን መጣችሁልኝ፤ እኔም ላስቸግራችሁ አስቤ ነበር» አሉ። ፊታቸው የእውነት የተጨነቀ ሰው ፊት ነበር። ከወንዙ ማዶ አንድ ውሻ አለ፤ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል፤ ወር ሙሉ ዐይናቸውን አልከደኑም፤ ጎረቤት መሆን እንዲህ ነው ወይ፣ ሰው እንዴት የራሱን ውሻ አይሰማም፣ ብለው ጠየቁን። እኛ መልስ አልነበረንም። ሕጉንም አጥንተውት ኖሯል፤ ቍጥር 1225ን ከነንኡስ ቍጥሩ ጠቅሰው፣ በዚያ ባማረ የጦር ሠራዊት የእጅ ጽሕፈታቸው አቤቱታ አዘጋጅተው በመሳቢያ አስቀምጠው ነበርና አውጥተው አነበቡልን። አጻጻፉ ነቀፌታ የለውም። ራሳቸው በመጀመሪያው መሥመር ፈረሙ፤ ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ፣ ቀጥሎ እኛ ፈረምን፤ የንስሐ አባቱ በማኅተም ፈንታ መስቀላቸውን አሳረፉበት።

ነገሩ ሳይበርድ ዛሬውኑ እንድረስ ስለ ተባለ አራት ሆነን ተነሣን። ቀኑ ደንግዞ፣ የወንዙም መሻገሪያ በማታ የማይታመን በመሆኑ፣ ሻምበል ለጥንቃቄ መቻልን አስከተሉ። ከማዶው ሰው በር ስንደርስ ማንኳኳት አላስፈለገንም።