የዝዋይ ቀብድ

የእህቴ ልጅ ደሴት አይቶ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ በውርጭ ላደገ የ11 ዓመት ልጅ ይህ አይደንቅም፤ እሱን ግን ይቆጨዋል። «ደሴት በውሃ የተከበበ መሬት ነው» የሚለውን መጽሐፉ ላይ አንብቦ፣ «አጎቴ፣ ውሃው ከፍ እያለ ከመጣ አውሬዎቹ ወዴት ይሄዳሉ?» አለኝ። መልሱን ዝዋይ ሄደን እናየዋለን ብዬ ቃል ገባሁለት።

ክረምቱን ሙሉ ስናቅድ ከረምን። ከአምስቱ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ትልቁን፣ ቱሉ ጉዶን መረጥን። ጉማሬው፣ አሣ አጥማጆቹን የማይለየው ወፍ አባ ኮዳ፣ የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዘዮች ጀልባ፣ የደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ደብተሩ ላይ ሰፈረ። እኔ ወጪውን ያዝኩ። ከሁለት ቤተሰቦች ጋር ሆነን መኪና ለመከራየት ተስማማንና ቀብድ ከፈልን።

የጥቅምት ቅዳሜ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆምን። 1 ሰዓት ሆነ፤ 2 ሰዓት ሆነ። የሹፌሩ ስልክ ዝግ ነው። ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ተበተኑ። ልጁ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት መልሼ ላስገባው አንጀቴ እምቢ አለኝ።

እጁን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ሊሞላ ሁለት ሰው የቀረው ሚኒባስ የአንኮበር ነበር። ተሳፈርን።

40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር አንኮበርን ለለቅሶ እንጂ ለማየት ሄጄ አላውቅም፤ ይህ አሁንም ያሳፍረኛል። የገብሱ ማሳና ባሕር ዛፉ ሲሸኙን ቆይተው መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከዚያ በታች ገደል ነው፤ ዓይን እስኪደክም ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከተማው ሳንደርስ ገደሉ አፋፍ ላይ ወረድን። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ነበር፤ ልጁ የሻንጣውን ነገር ረሳው።

ወፎቹን ያየው እሱ ነው። ከታረሰ ማሳ ጥግ፣ ከአፈሩ የማይለዩ፣ ቡናማና ዝንጉርጉር፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጡ። አንዷ ጓል ላይ ቆማ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችን፤ ወዲያው ፍሬ ለቀማዋን ቀጠለች። ሳይንስ ይህችን ወፍ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 እዚሁ አካባቢ ነው፤ ጆን አሽ የተባለ ተመራማሪ በ1979 ለዓለም ሲያስተዋውቃት በአንኮበር ስም ጠራት። በኋላ በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። ከኢትዮጵያ ውጪ ግን የለችም።

ብር ሲሉ ተከተልናቸው፤ ሲያርፉ ቀረብናቸው። እንዲህ ስንል ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዋጠን። የመጣንበት ጠፋኝ። ልጁን በነጠላዬ ከወገቤ ጋር አስሬ፣ በእግሬ መሬቱን እየዳሰስኩ ሄድኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የውሻ ጩኸት ነው ከጉሙ አውጥቶ አንድ ቤት ያደረሰን። የመጨረሻው መኪና ሄዷል።

«በዚህ ጉም ልጅ ይዞ ገደል ላይ! ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ እማማ፣ የቤቱ ባለቤት። የምመልሰው አልነበረኝም። ልጁን በርኖስ አለበሱት፤ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልን።

እሳት ዳር ሆነን ስለ ወፏ ነገርኩት። ከብርዱ ወርዳ ቆላ አትኖርም፤ እሷን የከበባት ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው አልኩት። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙቀቱስ ወደኛ እየወጣ ነው። በልጅነቴ በዚህ ወር ውጪ ያደረ ውሃ ይረጋ ነበር። ማሳውም እስከ ጫፉ ደርሷል።»

ልጁ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ።

«እና አጎቴ፣ ከፍ እያለ ከመጣ ወዴት ይሄዳሉ?»

ከእማማ ቤት በላይ የቀረውን መሬት ቀን አይቼዋለሁ። አንድ ጉብታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰማይ።